ከበግ አንጎል እስከ ስኳር ውኃ

ስለ ክትባት ሲወራ ሁሌ የሚነገረን ውስጡ ስለሚገባው ነገር ነው፤ የሞተ ቫይረስ፣ የተዳከመ ቫይረስ። ተጣርቶ ስለሚወጣውስ ማን ያወራል? እኔን ያስገረመኝ እሱ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት እንውሰድ። በሰፈራችን "የሆድ መርፌ" ሲባል የማይደነግጥ ልጅ አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ በውሻ ተነክሶ በየቀኑ ሆዱን ሲወጋ እናቴ አብራው ታለቅስ ነበር። ከአሥር ቀን በላይ! ለምን ሆድ? ለምንስ ያን ያህል ጊዜ? ብዬ መልሱን የፈለግኩት ግን ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው።

ነገሩ ያለው ማጥራቱ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ፓስተር የምንለው ተቋም ለብዙ ዓመታት ያመርተው የነበረው ክትባት የሚሠራው ከበግ አንጎል ነበር። ቫይረሱ አንጎል ውስጥ ይራባል፣ አንጎሉ ይፈጫል፣ በኬሚካል ይታከምና ለተነከሰው ሰው ይሰጣል። በመርፌው ውስጥ ቫይረሱ ጥቂት፣ አንጎሉ ብዙ። ስለዚህ መጠኑም መብዛት፣ ቀኑም መርዘም ነበረበት፤ ያን ሁሉ ፈሳሽ ለመያዝ ደግሞ ሆድ ሰፊ ቦታ ነው። የባሰው ነገር፣ የነርቭ ሽፋን የሆነው ማይሊን አብሮ ስለሚገባ የአንዳንዱ ሰው ሰውነት የራሱን ነርቭ እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃል። በዚህ ሽባ የሆኑ፣ የሞቱም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ዓይነቱ ክትባት እንዲቀር ለዓመታት ሲወተውት የቆየው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የመጡት ክትባቶች ቫይረሱን የሚያራቡት ላቦራቶሪ ውስጥ ባደጉ ሴሎች ላይ ነው። አንዱ የሚራባው በጫጩት ሽል ሴሎች ላይ ሲሆን የሚጠራው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ በስኳር ውኃ ነው። በኃይል በሚሽከረከር ሴንትሪፊውጅ ውስጥ ስኳር ውኃው ከቀጭን ወደ ወፍራም ይደረደራል። ቫይረሱ ልኩን ያገኘበት ንብርብር ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ የሴሉ ፕሮቲን ሌላ ቦታ ይቀራል። ከዚያ የቫይረሱን ንብርብር ብቻ መቅዳት ነው። የጠላና የአተላ ነገር በሉት።

እንዲህ ያለውን ማሽን በ1960ዎቹ ኖርማን አንደርሰንና ባልደረቦቹ አሜሪካ ኦክ ሪጅ ውስጥ ሲሠሩ የተበደሩት ዩራኒየም ለመለየት ከታሰበ ቴክኖሎጂ ነበር። የቦምብ ዕቃ ለመርፌ!

ቫይረሱ ከጠራ በኋላ በተለመደው አሰጣጥ አራት ወይም አምስት ጊዜ ክንድ ላይ መወጋት ይበቃል። ወሬው ግን ከመርፌው እኩል አልሄደም። ዛሬም የሆድ መርፌን ፈርቶ ጤና ጣቢያ የማይሄድ አለ፤ የበሽታው ምልክት ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ይህንኑ ለሬዲዮ ልምምድ ጽፌ ሳቀርብ መምህራችን አነበቡና "ስኳሩን ወደ ታች አውርደው፤ ክንድ ላይ መሆኑን አስቀድም" አሉኝ።