በካፋ ደን፦ በእግር ወይስ በበቅሎ?

በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ባሉ አገሮች፣ ለምሳሌ በኖርዌይ ትሮምሶና በፊንላንድ ሮቫንየሚ፣ ለእረፍት የሄደ ሰው ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ሸርተቴ ለመጓዝ ከብዙ አስጎብኚዎች አንዱን መምረጥ ይኖርበታል። አዋቂዎች የሚመክሩት ግን ከዋጋው አስቀድሞ የውሾቹን አያያዝ እንዲመለከት ነው። በረዶ በማናውቅበት በእኛ አገር ይኸው ጉዳይ በበቅሎና በፈረስ ላይ ይነሳል። እኛም ከእናታችንና ከልጆች ጋር ወደ ቦንጋ በሄድን ጊዜ ገጥሞናል።

ቦንጋ የካፋ ዞን መቀመጫ ስትሆን ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በ2014 ዓ.ም. ከተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከተሞችም አንዷ ናት። በዙሪያዋ ያለው ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ይህም ማለት ደኑ በሙሉ ተዘጋ ማለት አይደለም። ማዕከላዊው ክፍል አይነካም፤ በዙሪያው ካለው ክፍል ግን ገበሬው ቡናና ማር እየሰበሰበ ይኖራል።

የሚታየው ብዙ ነው። የባርታ ፏፏቴ አለ፣ ፍል ውሃ አለ፣ ጉሬዛ በየቅርንጫፉ ይዘላል። እናታችን ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለጉት፤ በዴቻ ወረዳ ማንኪራ ደን ውስጥ ሰው ሳይተክለው የበቀለውን ቡና በዓይናቸው ማየት። ጉልበታቸው ደግሞ ዳገት አይችልም። እንግዲህ በቅሎ መከራየት ግድ ሆነ።

መጀመሪያ የቀረቡልን በቅሎዎች ዋጋቸው ርካሽ ነበር። ግላሱን ገለጥ አድርገን ስናይ አንደኛዋ ገጣባ ነበረች፤ ቁስሉ ላይ ጨርቅ ተጥሎበት ኮርቻው ከላይ ታስሯል። ባለቤቱ «ልማዷ ነው፣ አይሰማትም» አለን። መናገር ለማትችል እንስሳ ጠያቂ እንዳላት ከልጅነታችን የተማርን ሰዎች በዚያ ላይ እናታችንን ለማስቀመጥ አልደፈርንም። በዚያም ላይ የታመመ ጀርባ ያላት በቅሎ ቁልቁለት ላይ መፈራገጧ አይቀርም፤ አደጋው ለተቀማጩም ነው።

ሁለተኛው ሰው ጥቂት ብር ጨመር አድርጎ ጠየቀ። የበቅሎዋን ሰኮና እያነሳ አሳየን፤ ልጓሙም ከንፈሯን አልቆረጠም። ልጆቹ በየተራ እንውጣ ሲሉት ግን ፈቃደኛ አልሆነም።

«ኡስታዝ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የምትሸከመው። ልጆቹ በእግራቸው ይምጡ። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ እማማን አወርዳቸዋለሁ፤ እንዳይቀየሙኝ ከአሁኑ ይንገሩልኝ።»

እናታችን ይህን ሰምተው፣ «ይኼ ልጅ እናት ያሳደገው ነው፣ ከእሱ ጋር ነው የምሄደው» አሉ። ክርክሩ በዚያ አለቀ።

እንዳለውም በመንገድ ላይ ዘነበ። ካፋ ዝናቡ እንደ ሰሜኑ አገራችን በክረምት ብቻ የሚወሰን አይደለምና ጃንጥላና የማያንሸራትት ጫማ ሳይያዝ አይኬድም። እናታችን ሁለት ጊዜ ወርደው ክንዳቸውን ተደግፈው አለፉ። ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ቀጭንና ረዥም ሆኖ ብርሃን የሚፈልገውን ቡና ባዩ ጊዜ ቅጠሉን በእጃቸው ይዘው ለረዥም ጊዜ ዝም አሉ። እኛ በጓሮ የምናውቀው እንደ ቁጥቋጦ የተንዠረገገ ቡና አይመስልም፤ ፍሬውም ጥቂት ነው።

ልጆቹ የፍየል ጠባቂውን ታሪክ አነሱ። ያ ተረት በአውሮፓ በጽሑፍ የታየው እ.ኤ.አ. በ1671 በሮም በታተመ መጽሐፍ ነው። የየመን ሱፍያዎች ለሌሊት ዚክር እንዲያነቃቸው ቡና ይጠጡ እንደነበር የሚታወቀው ግን ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ነው። ልጆቹ ፍየሎቹን ነው የመረጡት፤ ምን ይደረግ!

ለመሄድ ላሰባችሁ ጥቂት እንጨምር። ደን ውስጥ የአካባቢውን መሪ ያዙ፤ ማዕከላዊው ክፍል የት እንደሚጀምር የሚያውቀው እሱ ነው። የመሪውንና የበቅሎውን ሒሳብ ለየብቻ ተነጋገሩ። በመንገድ የሚቀርበው ሥጋ በማን እንደታረደ መጠየቁ ስለሚያስቸግር ቴምር፣ ቆሎና ዳቦ ብትይዙ ይበጃል፤ የካፋ ማር ከዳቦው ጋር እዚያው ይገኛል። የዙህርና የዐስር ሰላት የት እንደሚሰገድም ከመነሳታችሁ በፊት ለመሪው ንገሩት። የእኛው መሪ ደረቅ መሬት ፈልጎ፣ ሰግደን እስክንጨርስ በቅሎዋን ከኮርቻዋ አሳርፎ ሣር ሲያስግጣት ቆየ።