ቢላዋችንና የእማማ ፍሪጅ

ይህ ጽሑፍ ግለ ሂስ ነው። በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ጣና ማዕበል፣ ስለ ፍቅርና ስለ ናፍቆት የሚጽፉ ብዕሮች ሞልተዋል፤ እኛ ደግሞ ስለ አንድ ፍሪጅ እንጽፋለን። «ፍሪጅ ደግሞ ምን ሥነ ጽሑፍ አለው?» የሚለን አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። እኛም ሚያዝያ ገብቶ እጃችንን እስክናቆሽሽ ድረስ እንደዚያው ነበር የምናስበው።

አራት ነን። የምንኖረው ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ባለችው ሰባታሚት፣ በአንዲት እናት ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነው። ከአጥሩ ወዲያ የበቆሎ ማሳ፣ ከአጥሩ ወዲህ የእማማ ላምና የእኛ ልብስ ማስጫ ገመድ። እማማ እርጎ ይሸጣሉ። ፍሪጃቸው ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ፣ የፕላስቲክ አበባ በአናቱ ተሸክሞ፣ እንደ ክቡር እንግዳ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። መደርደሪያዎቹ የእርጎ ናቸው፤ መካከለኛው ላይ ያለችው ክዳናማ ዕቃ ግን የእኛ ነች። ከመካከላችን አንዱ ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ ስኳር አለበት፤ ኢንሱሊኑ የሚያድረው እዚያች ዕቃ ውስጥ ነው። የመብራቱን ልንጋራዎት ብንላቸው «መድኃኒት ኪራይ አይከፍልም» ብለው ዘግተውናል።

ታዲያ ሚያዝያ ላይ ፍሪጁ ታመመ። ሞተሩ ቀንም ሌሊትም አያርፍም፤ እርጎው ግን ከወትሮው ቀድሞ ይኮመጥጣል። የላይኛው በረዶ ቤት በረዶ ተቆልሎበት ክዳኑ አልገጥም አለ። እኛም እንደ ተማሪ ወጉ ስብሰባ ተቀመጥን። የኤሌክትሪክ ተማሪው «ቴርሞስታቱ ነው» አለ። የኢኮኖሚክስ ተማሪው «ያረጀ ዕቃ መጠገን ኪሳራ ነው» አለ። የአማርኛ ተማሪው «በረዶው አፍኖት ነው» አለ። ባለመድኃኒቱ ዝም አለ። ከሦስቱ አሳብ የአማርኛውን ተማሪ ወሰድን፤ ምክንያቱም ቀላል ነበር፣ በቢላም ይሠራል።

የዚያን ዕለት ማታ መብራት ጠፍቷል። ከጎረቤታችን ከጢስ ዓባይ በ1956 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ መመንጨት ከጀመረ ወዲህ ባሕር ዳር ለመብራት እንግዳ አይደለችም፤ ግን ይሄዳል፣ ይመጣል። እማማ ለቅሶ ቤት ሄደዋል። ሻማ ለኩሰን፣ የእማማን የሽንኩርት ቢላዋ ይዘን በረዶውን መፈልፈል ጀመርን። ተራ በተራ ፈለፈልን። ሥራው ደስ ይል ነበር፤ በረዶው እየተሸረከተ ይወድቃል። ከዚያ «ፍስስስ…» የሚል ቀጭን ድምፅ ወጣ። «አየር ነው» አለ አንዳችን። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ጠፋ። መብራት ሲመጣ ሞተሩ እንደ ድሮው ተነሣ፤ ቅዝቃዜ ግን የለም። እስኪነጋም የለም።

ጠዋት እማማ በሩን ከፍተው ነኩት። «ምን ሆነብኝ ልጆቼ?»

«ጋዙ አልቆበት ነው እማማ። ያረጀ ፍሪጅ ጋዝ ይጨርሳል።»

አራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በአንድ አፍ ሲናገር ማን አይቀበል? ወደ ጓዳ ገብተው የእርጎ ገንዘባቸውን ከመቀነታቸው ፈቱና ቆጥረው «እንግዲያው አስሞሉልኝ» አሉን። ተቀበልን። ይህችን ቃል ደግመን እንጽፋታለን፤ ተቀበልን።

የመድኃኒቱ ጉዳይ ጊዜ አይሰጥም ነበር። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ በረዶ ከያዘው ደግሞ ይጣላል እንጂ ቀልጦ አይወጋም። የተከፈተው ብልቃጥ እንደየዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ ለአራት ሳምንት ያህል፣ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ ሳያልፍ፣ ከፍሪጅ ውጭ ይቆያል። የሚያዝያ ቀትር ግን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር 30ን ይሻገራል። ጓደኛችን ያልተከፈቱትን ሁለት ብልቃጦች በከተማ አንድ ጤና ጣቢያ በአደራ አስቀመጠ። የተከፈተው ከእኛ ጋር ቀረ።

«እንስራ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል?» አሉ እማማ፤ ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው መለሱ፤ «ስለሚያልበው ነዋ!» አንድ ሰፊ ሸክላ አወጡ፣ ትንሽ ማሰሮ ከውስጡ ከተቱ፣ በሁለቱ መካከል አሸዋ ሞልተው ውሃ አርከፈከፉበት፣ በላዩም እርጥብ ጨርቅ ጣሉበት። ብልቃጧ በፕላስቲክ ተጠቅልላ ማሰሮው ውስጥ ገባች። በሰሜን ናይጄሪያ መሐመድ ባህ አባ የተባለ መምህር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይህንኑ የድስት በድስት ዘዴ ለአትክልት ማቆያ እንዲሆን ለብዙ ገበሬ ያዳረሰው እንደሆነ ኋላ አነበብን። ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አየሩ ደረቅ ሲሆን ደህና ይሠራል፤ በክረምት እርጥበት ግን ብዙ አይረዳም። እንደ ፍሪጅ 4 ዲግሪ አያደርስም፤ ለተከፈተ ብልቃጥ ግን ከቀትሩ ሙቀት መሸሸጊያ ይሆናል።

በሦስተኛው ቀን ከከተማ አንድ ጠጋኝ በባጃጅ አመጣን። ገና ከበሩ «ጋሼ፣ ጋዙ አልቆ ነው» አልነው። ዕቃውን እያወረደ «ፍሪጅ ጋዝ አይጠጣም» አለን። «መኪና ነው እንዴ? ጋዙ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ሲዞር ይኖራል። ከጎደለ ወጥቷል ማለት ነው፤ ከወጣ ደግሞ የወጣበት ቀዳዳ አለ።»

እኛ በቢላዋ የጀመርነውን እሱ በማንበብ ጀመረ። የፍሪጁ ውስጥ ጎን ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ በጨርቅ ወለወላት። ሞዴሉ፤ 220-240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፤ «ኤስቲ» የሚል ምልክት፣ ማለት ከ16 እስከ 38 ዲግሪ ሙቀት ባለው ክፍል እንዲሠራ የታሰበ ነው። «ኤን» ቢሆን ኖሮ እስከ 32፣ «ቲ» ቢሆን እስከ 43። በረዶ ቤቱ ላይ ያሉት ኮከቦችም ጌጥ አይደሉም፤ አንድ ኮከብ ከዜሮ በታች 6፣ ሁለት 12፣ ሦስት 18 ዲግሪ ነው። በመጨረሻ ጋዙ፦ አር-600ኤ፣ 42 ግራም።

«እናንተ ብትሞሉት ምን ትሞሉ ነበር?» ሲለን መልስ አልነበረንም። ድሮ የነበረው አር-12 ፍሪዮን ነው፤ አይነድም፣ አይመርዝም ተብሎ ተመስግኖ ሳለ ማሪዮ ሞሊናና ሼርዉድ ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ1974 የኦዞንን ሽፋን እንደሚበላ አስረዱ፤ በ1987 በሞንትሪያል ከገበያ የሚያስወጣው ስምምነት ተፈረመ። ከእሱ በኋላ አር-134ኤ መጣ፤ አሁን ብዙዎቹ የቤት ፍሪጆች አር-600ኤ ይይዛሉ። አንዱ በሌላው ቦታ አይሞላም፤ ልኩም በግምት ሳይሆን በሚዛን ነው። «ይኼ ደግሞ ከላይተር ጋዝ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው፤ ይነዳል» አለና ሞተሩ ላይ ያለችውን የእሳት ምልክት አሳየን። እርስ በርስ ተያየን። ሻማዋ ትዝ አለችን።

ቀጥሎ እማማን ጠየቀ። መቼ ጀመረው? ከዚያ በፊት ምን ተደረገ? እማማ ሳያመነቱ «ለፋሲካ እንግዳ ይበዛል ብዬ ወደ ግድግዳው አስጠጋሁት። ከዚያ ወዲህ በሩም እሺ አይለኝ» አሉ። ጠጋኙ ከኪሱ አሥር ብር አውጥቶ በበሩ ጎማ መካከል አስገብቶ ዘጋና ሳበ። ብሩ እንደ ቅቤ ተንሸራቶ ወጣ። ጎማው ደርቆ ተጣሟል። በዚያ ክፍተት እርጥብ አየር ይገባል፣ እርጥበቱ በረዶ ይሆናል፣ በረዶው ቅዝቃዜውን ይከልላል፣ ሞተሩም ሳያርፍ ይሮጣል። ከኋላ ያለው ጥቁር ሽቦ ደግሞ ከውስጥ የወጣውን ሙቀት የሚያስተነፍስ ነው፤ አቧራ ለብሶ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ሁሉም ነገር በሙቅ ውሃ፣ በጨርቅና በአንድ ክንድ ፈቀቅታ የሚድን ነበር።

ለአንባቢ የሚጠቅመውን ቅደም ተከተል ከእሱ እንደሰማነው እናስቀምጥ። መጀመሪያ ሶኬቱ ላይ መብራት ወይም ሌላ ዕቃ ሰክቶ ኃይል መኖሩን ማየት ነው፤ ብዙ «የሞተ» ፍሪጅ የሞተው ዲቫይደሩ ነው። ሞተሩ «ምምም» ብሎ «ቋ» እያለ የሚቆም ከሆነ ቮልቴጁ ወርዶ ወይም ማስነሻው ተበላሽቶ ይሆናል፤ ነቅሎ ማሳረፍ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ አምስት ደቂቃ ሳይቆዩ አለመሰካት። ሞተሩ ጨርሶ ዝም ካለ ቴርሞስታቱ ዜሮ ላይ እንዳልሆነ ማየት። ሞተሩ ሳያርፍ የሚሮጥ ከሆነ ጎማውን በብር መሞከር፣ ጀርባውን መጥረግ፣ ትኩስ ድስት አለማስገባት። በረዶ ከበዛ ነቅሎ፣ በሩን ከፍቶ፣ የሞቀ ውሃ በሳህን ውስጡ አስቀምጦ መጠበቅ። ቢላዋ፣ በጭራሽ።

አንድ ነገር ደግሞ አንገታችንን አስደፋን። የመጀመሪያው የኢንሱሊን መርፌ ለአሥራ አራት ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን በቶሮንቶ የተወጋው እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ነው፤ ከመድኃኒቱ ሠሪዎች አንዱ ቻርልስ ቤስት ገና ወጣት ተማሪ ነበር። በዚያው ዓመት በስቶክሆልም ባልታዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት ተማሪዎች ያለ ሞተር፣ በእሳት ሙቀት የሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ ፈለሰፉ፤ የእሱ ዝርያ በላምባ እየሠራ መብራት በሌለበት አገር ክትባት አኑሯል። መድኃኒቱም ማኖሪያውም የተማሪ እጅ ነበረበት። የእኛም እጅ ነበረበት፤ ቢላዋ ይዞ።

ጠጋኙ ቀዳዳውን አገኘው። አየት አድርጎን፣ እማማ ቡና እየቆሉ ስለነበር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህ የቢላ ጠባሳ ነው። ለእናንተ ትቼዋለሁ» አለን። ደፈነው፣ ማድረቂያውን ለወጠ፣ ቱቦውን በፓምፕ ከአየር አጸዳ፣ 42 ግራም በሚዛን ሞላ፣ ጎማውን በሙቅ ውሃ አለስልሶ መለሰ።

አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ። በረካው ሲቀዳ ተናገርን። አንዱ ጀመረ፣ ሌላው ጨረሰ፤ ቢላዋውንም፣ ጋዙንም፣ ውሸቱንም። ገንዘባቸውንም ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥን፤ የጥገናውን የከፈልነው ከአንዳችን አሮጌ ስልክ ሽያጭ ነበር።

እማማ ተነሥተው ጓዳ ገቡ፤ ሲመለሱ የሽንኩርት ቢላዋውን ይዘዋል። ጫፏ ተጣሟል። «ይቺን እንዲህ ሆና ካገኘኋት ሦስት ቀኗ። መቼ ይናገሩ ይሆን እያልኩ ነበር።»

«ታዲያ እማማ፣ እያወቁ ገንዘቡን ለምን ሰጡን?»

«መድኃኒቱ እንዳይበላሽ ነዋ» አሉና ሲኒውን ለባለመድኃኒቱ አቀበሉት።

ፍሪጁ አሁን ከግድግዳው አንድ ክንድ ፈቀቅ ብሎ ቆሟል። ሞተሩ ይነሣል፣ ያርፋል። በየወሩ መጀመሪያ አሥር ብር በበሩ መካከል አስገብተን እንስባለን፤ ጠበቅ ካለች ደስ ይለናል። ቢላዋዋን ልናቀናላቸው ብንጠይቅ እማማ እምቢ አሉን። ሽንኩርት እንደሆነ አሁንም ይከተፍባታል።