«ምን ልሙላ?» ለሚሉን የባሌ ልጆች

ሰሜን ቨርጂኒያ የምንኖር የሮቤና የጎባ ልጆች በየዓመቱ አንድ ዓይነት ስልክ ይደወልልናል፦ «ጋሼ፣ የዲፓርትመንት ምርጫ ደርሷል፤ ምን ልሙላ?» ብዙዎቻችን «ነርሲንግ» ወይም «ኮምፒውተር» ብለን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ልጆቹ ከዚህ የተሻለ መልስ ይገባቸዋል።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት በፍሬሽማን ኮርሶች ያሳልፋል፤ ከዚያ ዲፓርትመንቶችን በቅደም ተከተል ይሞላል። በየዲፓርትመንቱ ያለው ቦታ ውስን ስለሆነ ዳኛው ውጤት ነው። ውጤቱ ከፍ ያለው የፈለገውን ያገኛል፣ ዝቅ ያለው የተረፈው ይደርሰዋል። ተማሪውም «ምን መሥራት እወዳለሁ?» ከማለት ይልቅ «ውጤቴ የት ያስገባኛል?» ማለት ይለምዳል። ቴክኒክና ሙያ ደግሞ ውጤት ያልመጣለት ልጅ መጠጊያ ተደርጎ ይቆጠራል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ ስናስብ፣ የብዙኃኑን መንገድ እንዲህ ዝቅ አድርጎ ማየት ትልቅ በደል ነው።

እዚህ ኖቫ በምንለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው። ተማሪው ሜጀሩን (ዋና የትምህርት ዘርፉን) ሳይወስን መግባት፣ ከገባም በኋላ መቀየር ይችላል። ነርሲንግን የመሰሉት ዘርፎች ግን ቅድመ ኮርስና የራሳቸው ውድድር አላቸው። ነፃነቱም ዋጋ አለው፦ ሜጀር በተቀየረ ቁጥር የተከፈለበት ክሬዲት ከንቱ ሊቀር ይችላል፤ ፔል ግራንት የሚባለው የመንግሥት ድጎማም ከ12 ሴሚስተር አያልፍም። በ2015 እ.ኤ.አ. የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ምርጫ የበዛበትና መሪ ያጣ ተማሪ መንገድ ላይ እንደሚቀር አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኮሌጆች ተቀራራቢ ሙያዎችን በአንድ መድበው፣ ኮርሶቹን ከመጀመሪያው ሴሚስተር እስከ ምርቃት በቅደም ተከተል ማሳየት ጀመሩ።

እዚያ ውጤት ይመርጣል፣ እዚህ ተማሪው ይመርጣል። በሁለቱም አገር ግን የሚጎድለው አንድ ነው፦ ልጁ ቅጹን ከመሙላቱ በፊት ሥራውን በዓይኑ ማየቱ።

ባሌ ደግሞ የሚታይ ሥራ ሞልቶባታል። «ገና» እና «ቦና» በሚባሉት በሁለቱም የአዝመራ ወቅቶች ስንዴና ገብስ ይመረታል። ኮምባይነር በአጨዳ ወቅት ሲበላሽ ቶሎ የሚጠግን መካኒክ የገበሬውን የዓመት ልፋት ያተርፋል። የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል ለሮቤ ቅርብ ነው፤ ዕፅዋት ሳይንስ «የተረፈ ዲፓርትመንት» እንዳልሆነ እዚያ ሄዶ ማየት ይቻላል። ጎባ ውስጥ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ። በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ዲንሾ ነው፤ ለዱር እንስሳትና ለቱሪዝም ባለሙያ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አይገኝም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ስልኩ ሲደወል የዲፓርትመንት ስም ብቻ ጠርተን አንዝጋ። በሙያችን ጠዋት ገብተን ማታ እስክንወጣ የምንሠራውን፣ የሚያደክመውንም ጭምር እንንገራቸው። ከዚያ ሊሞሉት ያሰቡትን ሥራ የሚሠራ ሰው ሮቤ ወይም ጎባ ፈልገን እናገናኛቸው። ታናናሾቻችንም፣ ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት ያን ሰው ሥራው ላይ ሄዳችሁ እዩት፣ ጠይቁት።