ተረኛ የሌለው ፕሌይስቴሽን

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤት የመብራት መለኪያ ይዞ መጣ። የቤት ሥራው ቤት ያለው ዕቃ ስንት ዋት እንደሚበላ መመዝገብ ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ሲሰካው፣ ጨዋታው በጦፈበት 200 ዋት ገደማ አሳየ። እሱስ ይሁን። ያንገበገበኝ ቀጥሎ የሆነው ነው፤ ጨዋታውን አቁሞ ለእራት ሲመጣ ቁጥሩ ብዙም አልወረደም። በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ከእህቱ ጋር ተጨቃጭቆ እስኪመለስ ማሽኑ ማንም ሳይነካው መብራት ሲበላ ቆየ። እዚህ ቨርጂንያ ደግሞ ከመብራቱ ግማሽ ያህሉ የሚመነጨው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ጭስ አለው።

አገር ቤት፣ ጅማ ዞን፣ የቡ እኮ ይህ አይታሰብም! ጌም ቤት ጆይስቲክ አስቀምጦ እራት የሚሄድ ማን ነው? የተሸነፈ ይነሳል፣ ተረኛው ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ይቀመጣል። በቡና ለቀማ ሰሞንማ ልጆች እጅ ላይ ብር ስለሚገባ፣ ሁለቱ ሲጫወቱ ከኋላ አሥሩ ቆሞ ያያል፣ ይጮሃል፣ «አቀብል!» ይላል። ጆይስቲክ ቢበላሽ ተፈትቶ ይሠራል እንጂ አይጣልም። እዚህ አንድ ልጅ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ማሽን ነው።

እዚያ መብራታችንም የውሃ ነው። እዚያው ጅማ ዞን ያለው ግልገል ጊቤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፤ አቅሙ 184 ሜጋ ዋት። ጭስ ባይኖረውም፣ መሬታቸውን ለሐይቁ ለቀው የተነሱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አሉበት፤ ይህን ሳላነሳ ባልፍ ደስ አይለኝም። መጋራቱም ቢሆን ማጣት ያመጣው ነው። ብር የሌለው ልጅ አምሽቶ አይቶ ብቻ ነው ቤቱ የሚገባው። አቅም ኖሮት የራሱን ቢገዛ እኔም ደስ ይለኛል።

ልጄን ስትነሳ አጥፋው ብዬዋለሁ፤ እየሰማኝም ነው። የከበደኝ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠው አሮጌው ፕሌይስቴሽን 4 ነው። ታናሽ ወንድሜ ላክልኝ ይላል። የቡ ቢሄድ ገና ለዓመታት እንደሚያገለግል አውቃለሁ። ጨርሶ ሲሞትስ? የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ የሚፈታታ ተቋም የተቋቋመው አዲስ አበባ፣ አቃቂ ነው፤ ከየቡ እዚያ ድረስ ማን ተሸክሞ ይወስደዋል? እዚህ ቢሆን የሚረከበኝ በቅርብ አለ። ይህን ሁሉ አስቤም ልቤ ወደ መላኩ ያደላል፤ ትርፍ ጆይስቲክ ጨምሬ።