ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን

የዓለም ዝነኛ ዳገቶች ተራራ ላይ ናቸው። የእኛው የጎጃም ዳገት ግን ገደል ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው ከጎሐ ጽዮን አፋፍ ቁልቁል ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ወደ ደጀን ሽቅብ ይወጣል። ከድልድዩ እስከ ደጀን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር አካባቢ ይነሣና 2,400 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በቱር ደ ፍራንስ ስሙ የገነነው አልፕ ዱዌዝ 13.8 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 21 ጥምዞች ቢኖሩትም፣ የሚያስወጣው ከፍታ 1,100 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በ1995 ዓ.ም. ከካይሮ ወደ ኬፕ ታውን መጓዝ የጀመሩት የቱር ዳፍሪክ ብስክሌተኞች የእኛን ዳገት ከብርቱ ፈተናዎቻቸው አንዱ አድርገው የሚያወሱት ያለ ምክንያት አይደለም።

ብስክሌት የፈረንጅ ቅንጦት ነው የሚለን ካለ ታሪክ ይመልስለታል። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረውላታል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

እኔም በ2005 ዓ.ም. ጥር ወር ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሞክሬዋለሁ። የበረሃው ሙቀት ሳይበረታ ብለን ገና በማለዳ ከድልድዩ ተነሣን። የመጨረሻውን ማርሽ አስገብተን፣ መሬቱ እየከዳው የተጨማደደውን አስፋልት እየመረጥን እናዘግማለን። የጫኑ መኪኖች ከእኛ ብዙም ሳይፈጥኑ እያቃሰቱ ያልፉናል፤ ረዳቶቹ በመስኮት ብቅ እያሉ «በርቱ!» ይሉናል። አጋማሹ ላይ ፍየል የሚነዱ አንድ አዛውንት ቆመው አዩንና፣ «ምን አጥፍታችሁ ነው ልጆቼ እንዲህ የምትቀጡት?» አሉን። «ስፖርት ነው አባቴ» አልናቸው። «ስፖርትስ እርሻም አይደል» ብለው ስቀው ውኃ አጠጡን። ደጀን የደረስነው ከአራት ሰዓት በላይ ፈጅቶብን ነው። በዚያ ሁሉ መንገድ ያስፈራን ነገር ቢኖር ፍሬን የከዳው መኪና ብቻ ነበር።

ይህን ዛሬ የማነሣው ለትዝታ አይደለም። ብስክሌተኛ መስታወትም፣ በርም፣ አጃቢም የለውም። ማንም ሊያስቆመው ይችላል። ስለዚህ እርሱ ያለ ሥጋት የሚያልፍበት መንገድ በእርግጥ ሰላም ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ቢያበቃም ጦርነቱ አላበቃም። በዚያው ዓመት ሰኔ ማብቂያ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎች በዚሁ አውራ ጎዳና ላይ፣ ከጎሐ ጽዮን ማዶ፣ ገርበ ጉራቻ አቅራቢያ ከአውቶቡስ ወርደው ታገቱ። እኔ መምህር ነኝ። ተማሪ ሸኝቶ «ገባህ ወይ?» ብሎ ስልክ እስኪነሣ መጠበቅ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ሰው እየሞተ ስለ ብስክሌት ታወራለህን? የሚል አይጠፋም። አዎን፤ ምክንያቱም ብስክሌተኛው ብቻውን አይደለም። እህል በአህያ ጭኖ ገበያ የሚወጣው ገበሬ፣ በሽተኛ ይዛ ሐኪም ቤት የምትሄደው እናት፣ ሁሉም እንደ እርሱ ያለ ከለላ የሚጓዙ ናቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 የመዘዋወር ነፃነትን ደንግጓል። በጃፓን እርዳታ የተሠራውና በሚሊኒየሙ ዋዜማ ሳይሆን ሚሊኒየሙ ከገባ በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይም ዛሬ ቆሟል። ድንጋጌውም ድልድዩም አሉ፤ የጠፋው ተጓዡን የሚያምን መንገድ ነው። አስፋልት መዘርጋትና መንገድ መክፈት አንድ አይደሉም። መንግሥትም፣ ጠመንጃ ያነሣውም ወገን የተቆጣጠረውን ኬላ ከሚቆጥርልን፣ አንድ ወጣት ብቻውን ከዓባይ ደጀን ፔዳል እየመታ የሚወጣበትን ቀን ቢቆጥርልን እንመርጣለን።

ቸር ያሰማን።