የኮምፒዩተሩ ሰርጓጅ መርከብ

ከመሥሪያ ቤት ውለን ቂሊንጦ ስንገባ በኮምፒዩተር የባሕር ውጊያ መጫወት ልማዳችን ሆኗል፤ ባሕሩ ከቂሊንጦ እጅግ ሩቅ መሆኑን አንባቢ ያውቀዋል። ባላጋራችን ራሱ ኮምፒዩተሩ የሚነዳው ሰርጓጅ መርከብ ነው። እርሱም መርከባችንን በሰማ ጊዜ ፈጥኖ ይጠጋል፤ ቶርፔዶ ስንለቅበት ይታጠፍና ማታለያውን ጥሎ፥ ቶርፔዶው ወደ መጣበት አቅጣጫ መልሶ ይተኩሳል። መጀመሪያ ድል አደረገን። ጠባዩን ካጠናን ወዲህ ግን ከሚታጠፍበት ቀድመን እንጠብቀዋለን።

አጎታችን ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል ያገለገሉ ናቸው። «ኢትዮጵያ» የተባለችው ዋና መርከብ በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ከሄደች ወዲህ ስለ ባሕር ሲናገሩ ሰምተናቸው አናውቅም። አንድ ማታ ግን ከጐናችን ተቀምጠው ጥቂት ተመለከቱና፥

«ይኽን ምን ያስቸኩለዋል፥ ልጄ? በሮጠ ቍጥር ድምፁ ይሰማል። ሰው ቢሆን ሞተሩን ቀንሶ አድፍጦ ይጠብቅህ ነበር» አሉን።

የአሜሪካው ዳርፓም በ2003 ዓ.ም. ሰርጓጅ የሚከታተል ሰው አልባ መርከብ ሲያቅድ፥ የተጫዋቾችን ዘዴ ለመማር እንዲህ ያለ ጨዋታ ለሕዝብ አቅርቦ ነበር።

በማግሥቱ ሰርጓጁን ለአጎታችን ሰጠናቸው። ወደ ጥልቁ አውርደው ፍጥነቱን ቀነሱ። የኮምፒዩተሩ መርከቦች ከላይ ሲመላለሱ እስከ እኩለ ሌሊት ቃል አልተነፈሱም፤ እኛም ዝም ብለን አብረናቸው ተቀመጥን።