መውጫ የሌለው ሐይቅ፦ የሐዋሳ የጉዞ ማስታወሻ

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከሞጆ ወደ ደቡብ የታጠፈ መንገደኛ የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች አንድ በአንድ እያለፈ ይወርዳል፤ ባቱ ላይ ዝዋይ፣ ቀጥሎ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ፣ በመጨረሻም ሐዋሳ። ብዙ ሰው በዚህ መንገድ የሚሄደው ለመዝናናት ነው። እኔ በዚህኛው ጉዞ ጥያቄ ይዤ ነው የተነሳሁት። ከግድቦቻችን የሚመነጨውን ኃይል ቀንና ሌሊት የሚስቡ የዳታ ማዕከላት በአገራችን በዝተዋል። እንዲህ ያለ ድርጅት ሰው ከሚኖርበትና ውሃ ከሚቀዳበት ቦታ አጠገብ ሲተከል ለጎረቤቱ ምን ይሰጣል? ምንስ ይወስዳል? መልሱን ፍለጋ ሐዋሳ መሄድን የመረጥኩት ከተማዋ ግዙፍ ኢንዱስትሪን በሐይቅ ዳር ማስተናገድ ምን እንደሚመስል በራሷ ላይ ስላየችው ነው።

አብያታ

ላንጋኖን በስተግራ ትተን ትንሽ እንደተጓዝን በስተቀኝ የአብያታ ሜዳ ይዘረጋል። የሐይቁ ዳር ነጭ ነው፤ ውሃው እየሸሸ ሲሄድ ጥሎት የቀረ ሶዳ ነው። ፔሊካኖች ዓሣ ይመገቡበት የነበረው ሐይቅ ጨዋማነቱ እየበረታ ሲሄድ ዓሣው ጠፋበት። አብያታ ውሃ የሚያገኘው በአብዛኛው ከዝዋይ በሚመጣው የቡልቡላ ወንዝ ነው። በላይኛው ተፋሰስ ደግሞ ገበሬውም፣ የአበባ እርሻውም፣ ከተማውም ውሃውን በፓምፕ ይስባሉ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የመጣው የሶዳ አሽ ፋብሪካም የሐይቁን ውሃ በፀሐይ እያተነነ ምርቱን ያወጣ ነበር።

የአብያታን ውሃ ብቻውን ያሸሸው አካል የለም። እያንዳንዱ የወሰደው ድርሻ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነበር። ድምሩን አስልቶ በጊዜው ያስቆመ ሰው ግን አልነበረም። ወደ ሐዋሳ ስገባ ልቤን የከበደው ይህ ነው።

አሞራ ገደል

አሞራ ገደልን ማየት በጠዋት ነው። ጀልባዎቹ ሌሊቱን ከተዘረጋው መረብ ያነሱትን ዓሣ ይዘው ይመጣሉ፤ ቆሮሶው ይበዛል፣ አምባዛውም አለ። አንድ ወጣት ቆሮሶውን ጭራው ላይ ያዝ አድርጎ ቆዳውን ገፈፈ፤ በሁለት የቢላ ምት የግራና የቀኙን ሥጋ ለኮተሌት አወጣና አጥንቱን ወደ ኋላ ወረወረው። አጠገቡ የቆመው አባ ኮዳ መሬት ሳይነካ ቀለበው። ራሰ በራው ትልቅ ወፍ ከሰው ትከሻ ሥር ቆሞ ድርሻውን ይጠብቃል፤ ማንም አያባርረውም። እንዲህ ያለ የሰውና የአሞራ ጉርብትና በሌላ አገር አላየሁም።

መረባቸውን የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አጠገብ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ዓሣው እንዴት ነው ዘንድሮ?»

«አነሰ ልጄ። መረቡም ጠበበ። ትልቁ ሲጠፋ ሰው ትንሹን ይይዛል።»

«ፋብሪካው ጎድቶት ይሆን?»

«የፋብሪካው ብቻ አይደለም። ጎርፉም አለ፣ የከተማው ቆሻሻም አለ። ሁሉም እዚሁ ነው የሚገባው፤ የገባ ደግሞ አይወጣም።»

እውነታቸውን ነው። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚፈስ መውጫ የለውም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ሲሆን እሱም የጨለለቃን ረግረግ አቋርጦ ነው የሚመጣው። ጨለለቃ ራሱ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ሐይቅ ነበር፤ ከተራቆተው ኮረብታ የወረደ ደለል እየሞላው ረግረግ ሆነ። በሌላ ቦታ ወንዝ ጠርጎ የሚወስደው ጥፋት እዚህ እየተጠራቀመ ይቆያል።

ፓርኩ

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። አንድ የቻይና ተቋራጭ በአንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ያቆመው ሲሆን 52 ሼዶች አሉት። ወደዚህ ሐይቅ የመጣ ፋብሪካ ሁሉ ሊያከብረው የሚገባ አንድ ነገርም አብሮ ተሠርቶለታል። የፍሳሽ ማጣሪያው በቀን 11 ሚሊዮን ሊትር የማጣራት አቅም አለው፤ የጨርቅ ማቅለሚያውን ውሃ አጣርቶ አብዛኛውን ወደ ፋብሪካው ይመልሳል፤ ወደ ሐይቁ የሚለቀቅ ፍሳሽ እንዳይኖር ታስቦ የተነደፈ ነው። መውጫ ለሌለው ሐይቅ የሚመጥነው አሠራር ይህ ነው። ማጣሪያው የኋላ ጭማሪ ሳይሆን ከመጀመሪያው የፓርኩ ንድፍ አካል መሆኑ ያስመሰግነዋል።

በሥራው በኩል ያለው ታሪክ ግን መራራ ነው። ፓርኩ ሲታሰብ 60,000 የሥራ ዕድል ይፈጥራል ተብሎ ነበር። ከሲዳማና ከወላይታ ገጠሮች በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች መጡ። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች የጀማሪ ሠራተኛዋ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን፣ ይህም በዓለም የልብስ ፋብሪካዎች ከሚከፈለው ዝቅተኛው መሆኑን ጻፉ። ሴቶቹ አንዲት ክፍል ለአራት፣ ለአምስት ተከራይተው ያድሩ ነበር። የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የፓርኩ ዋና ደንበኛ የነበረው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች መውጣቱን አስታወቀ፤ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ምርቷን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከምታስገባበት ከአጎዋ ዕድል ታገደች። ዋሽንግተን ላይ የተወሰነ ውሳኔ ሐዋሳ ያለችውን ልብስ ሰፊ ከሥራ አስወጣት።

ከፓርኩ በር ላይ ሁለት ትምህርት ይዤ ተመለስኩ። አካባቢን የሚጠብቅ አሠራር ከመጀመሪያው ከተጠየቀ ይቻላል። የአንድ ከተማ ኑሮ ሩቅ አገር በሚወሰን ነገር ላይ ብቻ ሲንጠለጠል ደግሞ ገመዱ የሚበጠስበትን ቀን ከተማው አይመርጥም።

ምጣድና ማሽን

የዳታ ማዕከሎቻችንን ጉዳይ የማየው በእነዚህ ሁለት ትምህርቶች ነው። ቻይና በ2013 ዓ.ም. ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ማምረትን ስትከለክል የማምረቻ ማሽኖቹ ርካሽ ኃይል ፍለጋ በዓለም ዞሩ። ታላቁ የህዳሴ ግድብ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ጀመረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በዘርፉ የተሰማሩትን መመዝገብ ያዘ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ውል የነበራቸው የዳታ ማይኒንግ፣ ማለትም የቢትኮይን አምራች ኩባንያዎች 21 ሲሆኑ 19ኙ የቻይና ነበሩ። አብዛኞቹ ማከፋፈያ ጣቢያዎችን ተጠግተው ነው የተተከሉት፤ የሚከፍሉትም በውጭ ምንዛሪ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚውል አንድ የተለመደ ማሽን 3.25 ኪሎ ዋት ይስባል። ይህ በቤታችን እንጀራ የምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚወስደው ያህል ነው። ምጣዱ ግን ሊጡ ሲያልቅ ይጠፋል፤ ማሽኑ አይጠፋም። በቀን 78 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። 100 ሜጋ ዋት የተፈቀደለት ድርጅት 30,000 የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ማሽኖችን ያለማቋረጥ ያስኬዳል። የአንዱ ማሽን ድምፅ 75 ዴሲቤል ይደርሳል፤ ሺዎቹ በአንድ ላይ ሲጮሁ ጎረቤት ያለ ሰው ምን እንደሚሰማው መገመት አይከብድም። የሚወጣው ሙቀትም ወደ ሰፈሩ አየር ነው የሚነፋው። ይህን ሁሉ የሚጠብቁት ጥቂት ቴክኒሻኖችና የጥበቃ ሠራተኞች ናቸው። ልብስ ስፌት በደመወዙ ቢታማም ሺዎችን ይቀጥራል፤ ዳታ ማይኒንግ ግን ኃይሉን ወስዶ የሚተወው ዶላሩን ብቻ ነው።

ሁሉንም የዳታ ማዕከል በአንድ ዓይን ማየት ተገቢ አይደለም። በአዲስ አበባው የአይሲቲ ፓርክ ያሉት እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ያሉ ማዕከላት የባንኮችንና የድርጅቶችን መረጃ በአገር ውስጥ ያስቀምጣሉ። ይህ አገልግሎት ያስፈልገናል፤ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂም ሙያ ይቀስምበታል። ከዳታ ማይኒንግ የሚገኘው የውጭ ምንዛሪም ቢሆን መስመር ለመዘርጋት ከዋለ ጥቅም ነው። ነገር ግን ከሕዝባችን ግማሽ የሚጠጋው ዛሬም መብራት የለውም። ህዳሴ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት መሆኑ ተነግሯል። ለዚህ ግድብ ቦንድ የገዛችው የሐዋሳዋ ጉሊት ነጋዴም ናት። ስለዚህ ኃይሉ ለማን እንደሚቀድም መጠየቅ መብቷ ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ

በአየርላንድ የዳታ ማዕከላት በ2023 እ.ኤ.አ. ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ ፍጆታ 21 በመቶውን ወስደዋል፤ በከተማ ያሉ መኖሪያ ቤቶች በሙሉ ከወሰዱት ይበልጣል። በአሜሪካ ኦሪጎን ዘ ዳልስ በምትባል ትንሽ ከተማ የጉግል ማዕከል ከከተማው ውሃ ከሩብ በላይ ይጠቀም እንደነበር የታወቀው ከረጅም የፍርድ ቤት ክርክር በኋላ ነው። እኛ ዘንድ ያሉት የቢትኮይን ማሽኖች በአብዛኛው በአየር ስለሚቀዘቅዙ በውሃ ላይ ያላቸው ጫና ይቀላል። በውሃ ትነት የሚቀዘቅዙ ትልልቅ ማዕከላት ወደ ስምጥ ሸለቆ ቢመጡ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ከሁሉም የገረመኝ የኖርዌዩ ሐድሰል ታሪክ ነው። ነዋሪዎቹ በቢትኮይን ማዕከሉ ጩኸት ተማረው ለዓመታት አቤት ሲሉ ቆይተው በ2024 እ.ኤ.አ. ተዘጋላቸው። ወዲያው የኤሌክትሪክ መስመር ክፍያቸው በ20 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ ያንን ድርሻ ይሸፍን የነበረው ማዕከሉ ነበርና። ሲኖር ጩኸቱ፣ ሲሄድ ዕዳው በነዋሪው ላይ ወደቀ። የሐዋሳ ፓርክ ሠራተኞች ይህን ታሪክ ቢሰሙ አዲስ አይሆንባቸውም።

ከታቦር ተራራ ላይ

ከከተማዋ ታቦር ተራራ ላይ ሆኖ ሲያዩት ሐይቁ፣ ከተማው፣ ዩኒቨርሲቲውና የፓርኩ ጣሪያዎች በአንድ ዓይን ይገባሉ። ከዚህ በስተምዕራብ ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ 1,045 ኪሎ ሜትር በመጓዝ ኬንያ ውስጥ የሚያበቃው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር አለ፤ ኃይሉ በደቡብ በኩል እያለፈ ነው። ኃይል ፈላጊ ድርጅት ዛሬ ባይመጣ ነገ ይመጣል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል አዲስ የዳታ ማይኒንግ ጠያቂዎችን መቀበል ማቆሙን በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ገልጿል። ይህ ጊዜ ለመወያየት የተሰጠን ነው።

ለሐዋሳ ከተማ አስተዳደር፣ ለሲዳማ ክልል መንግሥትና ለአካባቢው ሽማግሌዎች የምለው ይህንን ነው። ማንኛውም የዳታ ማዕከል መሬት ከመቀበሉ በፊት የሚስበው ኃይልና ውሃ በይፋ ይነገር። የሚጮሁት ማሽኖች ከመኖሪያ ቤት ምን ያህል ርቀው እንደሚቀመጡ በውሉ ይጻፍ። ከሚከፍለው ዶላር ለአካባቢው ትራንስፎርመርና መስመር የሚውለው ድርሻ ይታወቅ። የአካባቢው ልጆች ጥበቃ ብቻ ሳይሆኑ ቴክኒሻን የሚሆኑበት ሥልጠና ይኑር። ሲሄድ የሚተወውን ቆሻሻና ዕዳ ማን እንደሚያነሳ አስቀድሞ ዋስትና ይያዝ። የሚወሰደው ሁሉ ደግሞ ለየብቻ ሳይሆን በአንድ መዝገብ ተደምሮ በየዓመቱ ለሕዝብ ይውጣ፤ አብያታ የሸሸው እንዲህ ያለ መዝገብ ባለመኖሩ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በአካባቢህ እንዲህ ያለ ድርጅት ሊተከል ነው ሲባል ስብሰባው ላይ ተገኝ፤ ውሉን ጠይቅ። የፓርኩ ፍሳሽ ማጣሪያ የተሠራው ገና በንድፉ ጊዜ ስለተጠየቀ ነው። ድርጅቱ ከገባ በኋላ የሚነሳ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ የሚመለሰው በፍርድ ቤት ነው።